ልንመዝነው የሄድነው አውራ ዶሮ

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ ለምርምር የተያዘ አውራ ዶሮ በላሁ። ጋዜጠኛ ነኝ። ብዙ ነገር ዘግቤያለሁ፤ የምዘግብበትን ጉዳይ በእንጀራ ጠቅልዬ ስጎርስ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

የሄድኩት ይልማ ከሚባል ወጣት ተመራማሪ ጋር ነው። የሚያጠናው የአገር ቤት ዶሮዎችን ዘር ነው። ከአንዲት እናት ተፈልፍለው፣ አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ዓይነት ጥሬ ለቅመው ካደጉ ጫጩቶች አንዱ ደረቱ ሰፍቶ ሥጋ ሲይዝ ሌላው ከሲታ ሆኖ ይቀራል። ይልማ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ያስርና በየጊዜው እየመዘነ፣ ልዩነቱ ምን ያህል ከዘር እንደሚመጣ ይከታተላል።

ባጃጅ ውስጥ ሆነን፣ "ችግሩ ምን መሰለህ፣" አለኝ። "ገጠር ውስጥ ቶሎ የሚያድገው ዶሮ አይቆይም። እንግዳ ሲመጣ እሱ ይታረዳል። ከሲታው ይተርፍና አባት ይሆናል። መልካሙን ዘር በየዓመቱ እየበላነው ነው።"

ጥሩ አነጋገር ስለነበር ቀዳሁት።

የምንሄደው እማማ ጥሩዬ ቤት ነበር። ከመንደሩ ዶሮዎች ሁሉ በክብደት የበለጠው ገብስማ አውራ ዶሮ የእሳቸው ነው። ይልማ የሚቀጥለው ትውልድ አባት እንዲሆን መርጦታል። የዚያን ዕለት መዝነነው፣ ፎቶ አንስተነው፣ ይልማ ለማዳቀል ይዞት ሊመለስ ነበር። የሁለት ዓመት ሥራው የተንጠለጠለው በዚህ ዶሮ ላይ ነው። ጋዜጠኛ ይዞ እንደሚመጣም በዋዜማው ደውሎ ነግሯቸዋል።

ስንደርስ ሚዛኑን ከከረጢቱ እንድናወጣ እንኳ አልፈቀዱም።

"በባዶ ሆድ ሥራ የለም። እጃችሁን ታጠቡ።"

ዶሮ ወጥ ቀረበ። ፈረሰኛውን ለእኔ አወጡልኝ፤ ከመዳፌ ይሰፋል። ይልማ በባለሙያ ዓይን አገላብጦ አየው።

"እማማ፣ ይህን የመሰለ ዶሮ ከየት አገኙ? ይህማ መመዝገብ የነበረበት ነው።"

"ተመዝግቧል እንጂ፣" አሉና ተነሡ። ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር አንድ ቀለበት አውርደው፣ በነጠላቸው ጠርገው ሰጡት። "ንብረትህን መች ጣልኩብህ።"

ይልማ ቁጥሩን አነበበ። ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ።

እኔ አንድን ወሬ ከሁለት ምንጭ ሳላጣራ አልጽፍም። አንደኛው ምንጭ ቀለበቱ ነበር። ሁለተኛው ሆዴ ውስጥ ነበር።

"እማማ፣ እንዳይታረድ ተስማምተን አልነበር?"

"ለራሳችን ብለን መች ነካነው? ለአገር የሚናገር ሰው ይዤ እመጣለሁ አልከኝ። ያንን ከሲታ አርጄ፣ ጥሩዬ እንግዳዋን አጥንት አስጋጠችው ይባልልኝ?" ከሲታው ደጃፍ ላይ ተረጋግቶ ጥሬ ይለቅማል። "ደግሞስ ባለፈው ወር መዝነኸው የለም?"

"አባት ሊሆን እኮ ነበር።"

"አባትማ ሆኗል። ጎረቤቴን ጠይቃት፤ ውሎው እሷ ቤት ነበር።"

ይልማ እጁን ሳይታጠብ ወጣ። ተከተልኩት። ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ዶሯቸው ከጓዳቸው ጥግ እንቁላል ታቅፋለች።

"እትዬ ብርቄ፣ እዚህ ግቢ ሌላ አውራ ዶሮ ይገባል?"

"ያ ገብስማ እያለ ማን ደፍሮ? ዛሬ እሱን ነው የበላችሁት?" አሉ ጭቃቸውን ማሸታቸውን ሳያቆሙ። "ሽታው ደርሶኛል። ድስቱም የእኔ ሥራ ነው። እኔን ግን የጠራኝ የለም።"

ይልማ ዶሮዋ የታቀፈቻቸውን እንቁላሎች አንድ በአንድ በእርሳስ ምልክት አደረገባቸው።

"ከእነዚህ የሚፈለፈሉት እንዳይታረዱ። ማንም እንግዳ ቢመጣ።"

"እኔ ቤት ማን ይመጣል ብለህ ነው?"

አሁን ያንን ቀን ሳስታውስ ስቄ አልጠግብም። ይልማ ባለበት ግን አልስቅም። ወጡ በጣም ጥሩ እንደነበር መደበቅ ደግሞ ሙያዬ አይፈቅድልኝም።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ቀለበትም ታሰረላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ገብስማ ወንድ አባቱ በእሱ ዕድሜ ሳለ ከነበረው ክብደት እንደሚበልጥ ይልማ ሰሞኑን ደውሎ ነገረኝ። እኔም መዝገቡን አይቼ አረጋግጫለሁ። እማማ ጥሩዬ ወሬውን ሰምተው፣ ያ ጋዜጠኛ መጥቶ ይየው ብለዋል።

ቀጠሮውን ረቡዕ አድርጌዋለሁ።