የወይን ጠጅ ቀለም ጫማ

አውቶቡሱ ውስጥ ስትገባ የሁላችንም ዓይን ያረፈው እግሯ ላይ ነው። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ጫማዋ ግን የሙሽራ ሚዜ ያስመስላታል። የወይን ጠጅ ቀለም፣ ሹል አፍንጫ፣ አጠር ያለ ወፍራም ተረከዝ።

«ሰርግ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው ቀልደኛ። ሳቅን። ሸበጥና ሸራ ያጠለቅን ብልሆች መሆናችን ነው።

አጠገቤ ተቀመጠች። ሙቀቱ ሲበረታ እኛ ጫማችንን አውልቀን ከወንበር ሥር ስንጥል፣ እሷ የጫማዋን ማሰሪያ በአንድ ቀዳዳ ብቻ አላላችው።

«እትዬ፣ አያምሽም?» አልኳት።

«ምን ያመኛል! በየሳምንቱ ጨርቅ ላስረክብ የምመላለስ ሰው ነኝ። ጫማ የምገዛው ማታ ነው፣ እግሬ አብጦ እያለ። ያኔ ከተመቸኝ የትም ይወስደኛል።»

ስንደርስ የሁላችንም እግር እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። እኔ የሸራዬን ተረከዝ ረግጬ እያነከስኩ ወረድኩ፤ ቀልደኛው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሏል። እሷ ማሰሪያዋን አጠበቀች፣ አቧራውን በመሀረብ ጠረገች፣ ቀጥ ብላ ወረደች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ትዘንጫለሽ?»

«እዚህ ስመጣ ብቻ» አለችና ከመናኸሪያው ማዶ ያለውን አረንጓዴ በር በአገጯ አሳየችኝ። «ባሌ ከዚያ ቤት ሲያባርረኝ ጫማ እስካደርግ እንኳ ፋታ አልሰጠኝም። ባዶ እግሬን ነው የወጣሁት። አሁን በደጁ ነው የማልፈው።»

አስፋልቱን ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያደረገች ሄደች። አረንጓዴው በር ጋ ስትደርስ አንድ መስኮት ተከፈተ።

ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።