ሲሚንቶ የለበሰው የመንዝ ቤት

መርካቶ ዙሪያውን ሳይከበው በፊት ቤታችን የገበሬ ቤት ነበር። አያቴ ከመንዝ መጥተው ሲሠሩት እዚያ የለመዱትን ነው የደገሙት፤ በጭቃ የተነባበረ ጥቁር ድንጋይ፣ ክንድ የሚያህል ወፍራም ግድግዳ፣ ጭንቅላት የማያሾልክ መስኮት፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ መደብ። እኔ ስደርስ የጣሪያው ሣር በቆርቆሮ ተለውጧል። የላሞቹን ጋጣ የበርበሬ ነጋዴዎች ተከራይተውት ብናኙ ቀኑን ሙሉ ያስነጥሰናል። ጨለማ ቤት ነው። እኔ አልወደውም ነበር፤ እናቴ ግን ነፍሷ ነው።

ክረምት በወጣ ቁጥር ዝናቡ ያጠበውን ግድግዳ በጭቃ፣ በጭድና በእበት መልሳ የምትለስነው እሷ ነበረች። እጇ ይሰነጣጠቃል፤ ቅቤ ትቀባዋለች። አባቴ ይህን ማየት አንገሸገሸው። ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ግንብ ሲገነባ የእሱ ቤት እበት እበት መሽተቱ አሳፍሮታል፤ አጉል ኩራት አላጣውም። አንድ መስከረም ሲሚንቶ አስመጣና ግድግዳውን ከውጭ ከላይ እስከ ታች አስለሰነው።

"ከእንግዲህ እጅሽ እበት አይነካም!" አላት።

እናቴ እልል አለች። ሸማ ተራ የሚነግዱ ዘመዶቻችን መጥተው "ሆቴል ከፈታችሁ እንዴ?" እያሉ ቀለዱብን።

በሚቀጥለው ክረምት እናቴ መደቡ ላይ ጋደም ባለች ቁጥር ታጉረመርም ጀመር።

"ኧረ ይሄ ግድግዳ ጀርባዬን ፈጀኝ፤ ረጥቧል መሰለኝ። እስቲ ይዩልኝ" አለችው።

አባቴ ወጥቶ ከውጭ በጡጫው መታ መታ አደረገው። "አለት ሆኗል እኮ!" ብሎ ሳቀ። ከውጭማ እውነቱን ነበር።

ነሐሴ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ አረፍ ባለችበት፣ ግድግዳው ወደቀባት። ከወፍጮ ቤት ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። በቆርቆሮው ሥር የገባው ውሃ በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ አጥቶ፣ ድንጋዩን የያዘው ጭቃ እንደ ሙቅ ቀጥኖ ነበር። ሲሚንቶው ግን እንደ ጠረጴዛ ሰፍቶ፣ ብዙም ሳይሰበር ተዘርግቷል። እግሬ እስኪደማ ረገጥኩት።

ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎች አባቴን ከበው "የእግዜር ዝናብ ነው፤ ማን ይከሰሳል?" አሉት።

"ዝናቡማ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ይዘንባል" አላቸው።

እኔ መልስ ነበረኝ፤ "አዎ፣ አንተ ነህ" ልለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ለእሷ ብሎ ያደረገው መሆኑን ባላውቅ ኖሮ እለው፣ ዕድሜ ልኬንም እጠላው ነበር። የምጠላው ሰው አጥቼ ቀረሁ።