የእንፍራንዙ ዶቅዶቄ

ባለቤቴ ያን ዶቅዶቄ የገዛው ታላቅ እህቱን ለማየት ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እህቱ ከዛሪማ ከተማ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ትኖራለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። አውቶቡስ ዛሪማ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የእግር መንገድ ነው፤ እሱም ያን ቁልቁለት በእግሩ መውረድ ካቃተው ቆይቷል። እህቱ በቅሎ ልላክልህ ስትለው እምቢ አለ። ዕድሜውን ሙሉ በሞተር ሲገባ ሲወጣ በኖረበት መንደር እንደ በሽተኛ ተጭኖ መግባት አልፈለገም።

በወጣትነቱ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። መንግሥት በሰጠው ሰማያዊ ሞተር ዳባትን፣ ደባርቅንና ሊማሊሞን ሲወጣ ሲወርድ ነው ያረጀው። የገጠሩ ሰው ያኔ ሞተር ብሎ አይጠራውም፤ ዶቅዶቄ ነው የሚለው። እህቱም ሌላ ስም አልሰጠችውም። ድምፁን ከጋራው አናት ስትሰማ የእግር ውሃ ጥዳ ትጠብቀው እንደነበር ነግራኛለች። ውሃው ሳይሞቅ ደርሶ አያውቅም ነበር አሉ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ድምፁ ብዙ ቀድሞት ይመጣል።

እኔ የሠራሁት እዚሁ ጎንደር ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል ነው። ልቡን የሚያመው ሰው ካርዱ እንዴት እንደሚወፍር አውቃለሁ። የእሱም መወፈር ጀምሮ ነበር። ሞተር እገዛለሁ ሲለኝ ግን አልከለከልኩትም፤ በርታም አላልኩት።

እንፍራንዝ ላይ አሮጌ ሰማያዊ ሞተር አለ ብሎ የነገረው ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ከመስቀል በኋላ ሦስታችንም ሄድን። ሞተሩ ከሻጩ ጎተራ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ መሪውና ወንበሩ ላይ ዶሮ ሰፍሮበት በኩስ ነጥቷል።

መካኒኩ ዞር ዞር ብሎ አየውና «አያ፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ ቆጥ?» አለው ሻጩን።

«ቆጡን በነጻ ነው የጨመርኩላችሁ» አለ ሰውየው ሳይስቅ። «ትንሽ ያስቸግር እንደሆነ ነው እንጂ ሸጋ ነው።»

«ሸጋ ከሆነ ምነው ትሸጠዋለህ?»

«ልጆቹ ባጃጅ ይሻላል አሉኝ።»

ባለቤቴ በሁለቱ ወሬ ውስጥ አልገባም። በነጠላው ጫፍ የቤንዚን ታንከሩን ጠረገና እጁን አሳረፈበት። ከዚያ ረገጠው። ወዲያው ተነሳ። ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ ግቢው በጭስ ተሞላ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። መካኒኩ ጠጋ ብሎ «አያ፣ ቀዝቃዛ ሞተር መነሳቱ ምንም አይደለም። እስቲ ዳገት ላውጣው፣ ሲሞቅ ልየው» አለው።

«ተነሳ እኮ» አለ ባለቤቴ። «አልተነሳም እንዴ?»

ዳገት ሳይወጣ ተገዛ። ቅዳሜ እህቱ ከዛሪማ ገበያ ስትደውል ነገራት።

«እታለም፣ ዶቅዶቄ ገዛሁ።»

«ይነሳል ወይ?»

«ይነሳል እንጂ።»

«እንግዲያ ለጥምቀት እጠብቅሃለሁ» አለችው።

በኅዳር መካኒኩ ካንዴላውን ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ሰንሰለቱን አሳጠረ። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ይነሳል፤ ሞቆ ዳገት ሲይዝ ይጠፋል። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ ሲሞቅ ይደክማል አለን መካኒኩ። መለዋወጫው ጎንደር አልተገኘም። ከአዲስ አበባ ታዘዘ፤ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ሳይመጣ ቆየ። ባለቤቴ መጠበቅ ሰለቸው። በታኅሣሥ አንድ ቀን፣ መካኒኩ እየተቆጣ፣ ጋቢውን ደርቦ ብቻውን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣ። ልሞክረው ነው፣ እመለሳለሁ አለኝ።

አመሻሽ ላይ አንድ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሞተሩ ከኋላ ከጤፍ ጆንያ ጋር ታስሯል። እሱ ከፊት ወረደ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ሞተሩ ዳገቱ መሀል ጠፍቶበት ቀዝቅዞ እስኪነሳ ጠበቀ፤ ደግሞ ጠፋበት፤ ከዚያ ቤት ወዳለበት ሥፍራ ሊያደርሰው እየገፋ ወጣ። ይህን የነገረኝ ሹፌሩ ነው። እሱ በሩን ተደግፎ ይተነፍሳል። ጫማውን አወለቅኩለት፤ እግሩ አብጧል።

ሆስፒታል ሰነበተና ተመለሰ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ብዙ እንዳይነሳ አለኝ። አልጋውን መስኮት ሥር አደረግንለት። እሱም ሞተሩ ጋራዥ እንዳይሄድ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ እያየው እንዲሠራ አዘዘ። መካኒኩ ሥራውን ጨርሶ ማታ ማታ ይመጣል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይፈታል፤ ባለቤቴ በመስኮት ያዘዋል።

«ያን ብሎን አታጥብቀው።»

«አያ፣ እርስዎ ነዎት የሚሠሩት ወይስ እኔ?»

«አንተ እጅህን ነው ያዋስከኝ።»

«እጄን ይመልሱልኝና ልሥራበት እንግዲህ።»

ባለቤቴ ይስቅና ሳሉ ይነሳበታል። መካኒኩ ያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ሳሉ እስኪበርድለት ብሎን ይጠርጋል።

እህቱ ያለችበት መንደር ስልክ አይሰማም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዛሪማ ገበያ ስትወጣ ከአንድ ባለሱቅ ስልክ ትደውላለች። ባለቤቴ ድምፁ ደካማ ስለሆነ የማነሳው እኔ ነኝ። እኔን ዛሬም ሙሽራዬ ነው የምትለኝ፤ እህቶቹ ሁሉ እንደዚያ ይሉኝ ነበር፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«ሙሽራዬ፣ ተነሳ ወይ?» ትለኛለች።

የምትጠይቀኝ ስለ ዶቅዶቄው ነው። መታመሙን አታውቅም። «ከሰማች በእግሯ ትመጣለች፤ ሊማሊሞ ላይ ትቀራለች» ብሎ እንዳልነግራት አስምሎኛል። እኔም መስኮቱ ሥር ወደተኛው እያየሁ «ገና ነው እታለም» እላታለሁ። ውሸት አልነበረም።

«ምነው ይህን ያህል?»

«ዕቃ ጠፍቶ ነው።»

ጥምቀት ሲቃረብ መካኒኩ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን ከሌላ፣ ከተጣለ ሞተር ፈቶ አመጣ። ገጠመና ረገጠው። ተነሳ። ግቢውን ሲዞርበት፣ ወደ ቁስቋም ዳገት ሲወጣበት አልጠፋም። ተመልሶ መስኮቱ ሥር አጠፋው። ደግሞ ሊያስነሳው ቢረግጥ እምቢ አለ፤ እስኪቀዘቅዝ ቢጠብቅ ተነሳ። «ሲሄድ አይጠፋም» አለ መካኒኩ። «ሞቆ ከጠፋ ግን ቶሎ አይነሳም። ያ አመሉ አልለቀቀውም።»

ባለቤቴ «ቅዳሜን ጠብቅልኝ» አለው።

ቅዳሜ መካኒኩ ሥራውን ትቶ መጣ። ስልኩ ሲጮህ ባለቤቴ ራሱ ተቀበለኝ። መካኒኩን በእጁ ጠቀሰው። ሞተሩ ሲነሳ ስልኩን ከመስኮቱ አውጥቶ ወደ ጭስ ማውጫው ያዘው። ክንዱን ከሥር ደገፍኩለት።

«ሰማሽ?» አላት ስልኩን መልሶ።

እሷ ጮክ ስለምትናገር እኔም እሰማለሁ። «ሰማሁ። ያው ራሱ ነው። እንግዲህ መቼ ትመጣለህ?»

«ጥምቀት ይለፍ።»

«ምነው? ተነሳልህ አይደል?»

«ተነሳ» አላት። «እመጣለሁ እታለም። አንቺ ብቻ ገበያ ለገበያ አትንከራተቺ፤ ቤትሽ ሁኚ።»

ስልኩን ሰጠኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መካኒኩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ይጠብቃል። ባለቤቴ ሳይዞር «በቃ፣ አጥፋው» አለ።

ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት አረፈ። ቁስቋም ተቀበረ። በዚያ ሳምንት ወደ ደባርቅ አውቶቡስ አይሄድም ነበር፤ ሞተር ግን ያልፋል ይባላል። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ሄዶ፣ ጎረቤት አስከትሎ፣ ገና ሳይነጋ በር ላይ ቆሞ ነው የሚያረዳው። ይህን የሚያደርገው ያጎቱ ልጅ ሆነ። የሚያደርሰው ሲጠፋ መካኒኩ «በእሳቸው ሞተር እኔ እወስድዎታለሁ» አለ።

ሊነሱ ሲሉ ወደ በሩ ተከትዬ ወጣሁ። መካኒኩን «መንደሯ ሳትደርሱ ጋራው አናት ላይ አጥፉትና በእግራችሁ ውረዱ» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። «እሺ እትዬ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ያጎቱ ልጅ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። መካኒኩ ግን ወደ ጓዳ መጥቶ እጁን ሲታጠብ ነገረኝ።

ዛሪማ አድረው በሌሊት ተነሱ። ሞተሩ መንገዱን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ አላስቸገራቸውም። ጋራው አናት ላይ ሲደርሱ የነገርኩት ትዝ አለው። ግን ሞቋል፤ ካጠፋው አይነሳለትም። ሰው በማያውቀው አገር ዳገት ላይ እንዳይቀርበት ፈራ። እንደተነሳ ይዞት ወረደ።

«እደጅ ወጥታ ቆማ ሳለ ደረስን» አለኝ። «ነጠላዋን አጣፍታለች። ውሃ ጥጃለሁ አለችን። እኔን አየችኝ፤ ከኋላዬ ያለውን አየችው፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ማየት ጀመረች።»

እጁን መታጠቡን አላቆመም።

«ምን አለች?» አልኩት።

«‹እሱ በእግሩ ነው የሚመጣ?› አለች።»

ፎጣ ሰጠሁት። ያጎቱ ልጅ ያኔ ኮፍያውን ማውለቁን ነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገረኝም።

ለአርባው መንገዱ ተከፍቶ መጣች። ካሰብኳት በላይ አንሳለች። ሰው ሲበታተን እሱ የተኛበት አልጋ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ ሞተሩ አየች።

«በስልክ ያሰማኝ ጊዜ እዚህ ነበር?»

«አዎ።»

«ተኝቶ?»

«ተኝቶ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ለምን አልነገርሽኝም አላለችኝም። «እስቲ አስነሱልኝ» አለች።

መካኒኩ ከድንኳኑ ተጠርቶ መጣ። ሞተሩ ከዛሪማ ከተመለሰ ወዲህ አልተነካም። ረገጠው። ካንዴላውን ፈትቶ ጠርጎ መለሰና ደግሞ ረገጠው። ላቡ ወረደ። አንድ ጊዜ ሊይዝ ሲል ሳል ብሎ ዝም አለ። መካኒኩ ኮቱን አውልቆ መሪው ላይ ሰቀለና እንደገና እግሩን አነሳ።

«ተወው ልጄ» አለችው በመስኮቱ። «ደክሞታል፤ ይረፍ።»

መካኒኩ ኮቱን ለበሰ። እኔ ሸራ ከጓዳ አመጣሁ፤ እሱ ባንድ ወገን፣ እኔ ባንድ ወገን ሆነን ሞተሩን አለበስነው።