ውኃ የማይጠጣው ኮሸሽላዬ

የውኃ ወረፋዬን የቀሙኝ በአበባ ምክንያት ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቴ ክፍል ተከራይቶ የነበረ መምህር ከውጭ አገር ሲመለስ ቁንጥር የማይሞላ የአበባ ዘር ሰጠኝ። ስሙን ቢነግረኝም አልያዝሁትም። ሲበቅል ሳየው ግን ልጅ ሆኜ በትውልድ መንደሬ በኮሶዬ ከእርሻ ዳር ስነቅለው የኖርሁትን ኮሸሽላ መሰለኝ። ቅጠሉም እሾህ፣ ራሱም እሾህ፤ ልዩነቱ የዚህኛው አገዳው ሳይቀር ሰማያዊ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ አላወቅሁበትም። ፍግ ጨመርሁለት፣ የዕቃ እጣቢ አፈሰስሁበት፤ ረዝሞ ተጋደመ። አንዱን ላዛውር ስነቅለው ሞተ። ሥሩ እንደ ካሮት አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከተቆረጠ አለቀለት። የቀሩትን ሁለቱን ጠጠር በበዛበት፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያርፍበት አጥር ሥር ተውኋቸው። ከክረምት ዝናብ በቀር ጠብታ ሳያገኙ በየዓመቱ ከሥራቸው ያቆጠቁጣሉ።

በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣ ጀሪካን እንደረድራለን፤ ወረፋውን የምታስከብረው በልጄ ዕድሜ ያለች ጎረቤቴ ናት። ባለፈው መጋቢት የሰው ሁሉ ጓሮ ገርጥቶ፣ የእኔም ጤና አዳም ደርቆ ሳለ፣ ኮሸሽላው ብቻ አብቦ ቆመ። ጀሪካኖቼን ሰባተኛ ላይ አስቀምጬ ቤት ደርሼ ስመለስ መጨረሻ ላይ አገኘኋቸው። ምነው ብላት፣ ሕፃናት ውኃ እያጡ አበባ ለሚያጠጣ ሰው ተራ አይገባውም ተባብለናል አለችኝ። ተባብለናል፣ እኔ በሌለሁበት! ሌባ እንኳ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም።

አይጠጣም ብላቸው አንዷ ከኋላ፣ «ታዲያ እማማ፣ በጸሎት ነው የሚያብበው?» አለችና አሳቀችብኝ። የእድራችን ዳኛ ሽማግሌው፣ «አላጠጣሁም ብለው ይማሉና ነገሩ ይብቃ» አሉኝ።

«አያ፣ ላልነካሁት ውኃ የእግዜርን ስም አላነሣም» አልኋቸው። «ከሥሩ ይቆፈርና ይታይ።»

መቆፈሩ እንደሚገድለው አውቃለሁ። ቢሆንም ሁሉንም ወደ አጥሬ ሥር ይዣቸው ሄጄ ዶማውን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። እርጥብ አፈር ከተገኘ እስከ ክረምት ወረፋ አልገባም፤ ደረቅ ከሆነ ፍርዳችሁን እዚሁ ሰው ፊት ትመልሻለሽ አልኋት። ከትልቁ ሥር ጀመረች። እስከ ክንዷ ድረስ ቆፈረች፤ አፈሩ እንደ አመድ ነበር። ከዚያ ዶማው ሥሩን አገኘውና ቀጭ አደረገው። የሳቀ የለም።

ጭብጥ አፈር አንሥታ አሸችና ነፋሱ ወሰደው። «በድለንዎታል፣ እማማ» አለች። ወደ ቧንቧው ወርዳም ጀሪካኖቼን ከሁሉ ፊት አደረገች፤ ካሳ መሆኑ ነው።

ይሄኔ ይበልጥ ተናደድሁ። ተከትያት ወርጄ አንድ በአንድ አንሥቼ ወደ ሰባተኛው መለስኋቸው። «ተራዬን ነው የጠየቅሁሽ። ከፊቴ ያሉት ስድስቱ ምን አደረጉሽ?»

 

የዚያን ቀን ውኃው አምስተኛዋ ሴት ላይ ቆመ። ስድስተኛዋና እኔ ባዷችንን ተመለስን። ወደ ማታ ጎረቤቴ ከራሷ ግማሽ ጀሪካን ልታካፍለኝ መጥታ በሬን አንኳኳች። ለስድስተኛዋ ስጫት ብዬ ሳልከፍትላት ቀረሁ።