በውል እሰረው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን አንድ በአንድ ዘርዝሬላቸው እዚህ ላይ ስደርስ እዘለው ነበር። ስለዚህ ይህን የምታነበው አንተ፣ ማንም ሁን ማን፣ የመጀመሪያው ሰሚዬ ነህ።

ልጆቼ ጥብቅ አባት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ከፊደል እኩል ቋጠሮ አስተምሬያቸዋለሁ። ሁለት ገመድ ስትቀጥሉ መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ አድርጉ፤ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ በኩል ካዞራችሁት ይንሸራተታል። ሰው የምታወርዱበት ቀለበት ክብደት ሲያርፍበት የማይጠብቅ ይሁን፤ ሸምቀቆ ከሆነ ደረት ያንቃል። ጫፉ ታጥፎ የሚገባው፣ አንዴ ሲስቡት የሚለቀው፣ ውል የምንለው ደግሞ ለጫማ ክርና ለጆንያ አፍ ብቻ ነው። ለሰው ነፍስ በፍጹም። ይህን ሁሉ ሌሎች ያሰሩትን እየፈታሁ ራሴ ነው የተማርኩት። የመጨረሻዋን ሕግ ግን ከየት እንዳገኘኋት ልጆቼ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሐርጌሳ ስመጣ ከጌታሁን ጋር ነበርኩ። ሁለታችንም ለግንበኞች የእንጨት መወጣጫ እናስር ነበር፤ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር፣ ሐሊማ የምትባል ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሐሊማ ሶማሌ ናት፤ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኛ ይፈጥናል። ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ሲገባ ሥራ ቆመ፤ ውሃ የሚያመላልሱት ቦቴዎችም ቀሩ። የጎረቤቱ ግማሽ ወደ ድንበር ሄደ፤ ሐሊማ አልሄድም አለች። ግቢዋ ውስጥ በርከድ የሚሉት፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነበር፤ ሦስት ሰው ቢደራረብ የሚውጥ። ታቹን ጭቃ ሞልቶታል። ዝናቡ ሳይመጣ ጥረጉልኝ አለችን። መሰላል አልነበረም። የነበረው የእኔ ገመድ ነው።

ያን ቀን ጠዋት አንድ ጎረቤት መጥቶ እኩለ ቀን ላይ ጅግጅጋ ያር ከሚባለው የከተማው ሰፈር የጭነት መኪና ወደ ድንበር እንደሚነሳ ነገረን። ጌታሁን "የሴትዮዋን ሥራ ጨርሰን እንሄዳለን" አለ። የእኔ ልብ መኪናው ላይ ነበር። ጓዜን የማስርበት ሌላ ገመድ ደግሞ አልነበረኝም።

ጌታሁን ቀለበቱን ደረቱ ላይ ራሱ አሰረ። ሌላውን ጫፍ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው የግራር ግንድ ጋር የማስረው እኔ ነበርኩ። አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ እያወዛወዘ፣

"አንተ ሰውዬ፣ በውል እሰረው እንግዲህ። ሚስት ሳላገባ እንዳትገድለኝ" አለኝ።

"አንተን ደግሞ ማን ታገባሃለች?" አልኩት። ሳቀ።

በውል ማለቱ በደንብ ማለቱ ነበር። ይህ ያሻማል? እንዳትገድለኝ ያለ ሰው አንዴ ሲስቡት በሚለቅ ቋጠሮ እሰረኝ ይላል? እኔ ግን እንደዚያ አሰርኩት፤ እንደ ጫማ ክር። ጌታሁን እንደወጣ ገመዱን መንጭቄ ጓዜን ልጠፍርበት ብዬ ነው። ቋጠሮ ለመፍታት የሚፈጀውን ጥቂት ደቂቃ ከሰው ነፍስ አስበለጥኩ። ባላውቅ ኖሮ ስህተት ይባል ነበር። አውቅ ነበር።

ጭቃውን በባልዲ አውጥተን ጨረስን። ጌታሁን ገመዱን ጨብጦ፣ ግድግዳውን በእግሩ እየረገጠ መውጣት ጀመረ። ያኔ ከውጭ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። መኪናችን ነው ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ስዞር መሬት ድረስ የተንጠለጠለው የውሉ ጫፍ በጫማዬ ተያዘ። ገመዱ ሹልክ ሲል በእግሬ ተሰማኝ። ቀጥሎ የወደቀበትን ድምፅ ሰማሁ።

መጀመሪያ ያየሁት እሱን አልነበረም፤ የገመዱን ጫፍ ነበር። ሰው አይቶኝ እንደሆነ ዙሪያዬን ካየሁ በኋላ ነው ወደ ጉድጓዱ ያጎነበስኩት።

ጭኑ ተሰብሮ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ አወጣነው። ሐሊማ የአልጋ ርብራብ ሰብራ እግሩን ግራና ቀኝ ደገፈችለት፤ ያንኑ ገመድ ቆርጠን አሰርንበት። እያሰረች ጠየቀችኝ።

"ወላሂ ልክ አይደለም። እናንተ ገመድ ሥራችሁ ነው። እንዴት ተፈታ?"

"በውል እሰረው አለኝ" አልኩ።

"በውል ማለት ጥሩ አድርገህ ማለት አይደለም እንዴ?"

"በእኛ ሥራ አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ማለት ነው።"

ቀልዱን ቆርጬ ጥዬ ቃሉን ብቻ ነገርኳት። ጌታሁን ይሰማል። ፊቱ በላብ ርሶ ዓይኑን ገለጠና አየኝ። ሐሰተኛ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። "አዎ፣ ብዬዋለሁ። አፌ ነው" አለ። ሐሊማ ማሰሯን ቀጠለች። ተሸክመን መኪናው ሳይነሳ አደረስነው፤ እስከ ድንበር ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት፤ መንገዱን ሙሉ አመሰገነኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ። ከቋጠሮው ይልቅ ይህ የሚከብድ አይመስልህም?

ሰላም ሲሆን ወደ ሐርጌሳ ተመለስን። እግሩ ጠሞ ስለገጠመ ጌታሁን ዳግም መወጣጫ ላይ አልወጣም። መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል። ሚስት አግብቷል። በየፋሲካው ከነሚስቱ እኛ ቤት ይመጣል፤ እያነከሰ ሲገባ "ሰውን ድንጋይ ይሰብረዋል፣ እኔን ምላሴ ሰበረኝ" ይላል። ቤቱ በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ስንት ፋሲካ ሳቅሁ?

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ባጃጅ ላይ ጀሪካን ስታስር አየኋት። እጇ እንደ እጄ ነው። "አባዬ፣ ጋሼ ጌታሁን የመከረኝን ታውቃለህ?" አለችኝ። "ገመድ ላይ ሰው ካለ በውል እሰሩ አትበይ፣ ጥብቅ አድርጉ በይ አለኝ። እሱ ቃል መምረጥ ባለማወቁ ነው አሉ እግሩ የተሰበረው።"

የእኔን ውሸት ለእኔ ልጅ ምክር አድርጎ ሰጣት። ይህን ያህል ዘመን ራሱን ሲወቅስ ኖሮ፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብሎ።

ጦርነት ነበር ልል እችላለሁ። ፈርቼ ነበር ልል እችላለሁ። ጌታሁንም በዚያው ጦርነት ውስጥ ነበር፤ ፈርቶም ነበር፤ ሆኖም ሥራውን ሳይጨርስ አልሄድም ያለው እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ወረቀት ይዤ ልጄን አስከትዬ ወደ ቤቱ እሄዳለሁ። እሱ ፊት፣ ሚስቱ እየሰማች አነበዋለሁ። ይቅር ቢለኝ የእሱ ቸርነት ነው፤ ቢያባርረኝ የሚገባኝ ነው። አንተን ግን ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ምናልባት በሩ ላይ ስደርስ እግሬ ወደ ኋላ ቢል እንኳ እውነቱ አንድ ሰው ዘንድ እንዲቀር ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ጌታሁን ቃሉን አልተሳሳተም። በውል ሲለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ አውቅ ነበር።