ጴንጤ አይዋሽም

ደበሌ እባላለሁ፤ አሰበ ተፈሪ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ጸሎት ቤታችን በደርግ ጊዜ ሲታሸግ የሳቀብኝ ሁሉ፣ መኪናው ሲቆምበት እኔ ዘንድ ነበር የሚመጣው። «ጴንጤ አይዋሽም» ይሉኛል። እኔም በዚህ ስም ስንጎራደድ ኖርኩ።

በ1978 ዓ.ም. ታጁዲን የሚባል የድሬዳዋ ልጅ፣ የኦቦ አብዶን ልጅ ሰዓዲያን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ኦቦ አብዶ በአሮጌ ላንድሮቨር ከሂርና ጫት የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው። መኪናዋ ዳገት ላይ እየተንተፋተፈች ታስቸግራቸው ነበርና፣ ልጁ አማቱን ደስ ሊያሰኝ ከጅቡቲ አንድ ጥቁር ሳጥን አስመጣ። ፑንቲና የሚባለው የሚከፈት የሚዘጋ ብረት ሳያስፈልገው በኤሌክትሮኒክስ ለካንዴላው እሳት የሚሰጥ ነው።

«ጋሽ ደበሌ፣ መመሪያውን ላንብብልዎት?» አለኝ።

«ሞተር በጆሮ እንጂ በወረቀት አይሠራም» አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

የዚያች ላንድሮቨር ባትሪ እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው ኔጌቲቩ ሳይሆን ፖዘቲቩ ነው። እኔ ሳላይ ሳጥኑን እንደለመድኩት፣ ገልብጬ አገናኘሁ። ቁልፉን ሳዞር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ሳጥኑ አለቀለት። ጥፋቴ ወዲያው ገብቶኛል። ኦቦ አብዶ መጥተው «ምን ሆነ?» ሲሉ ግን፣ ታጁዲን አጠገቤ ቆሞ እያለ፣ «ዕቃው ድሮም የሞተ ነው፤ ልጁ ተሸውዷል» አልኩ።

«ወላሂ አዲስ ነው» አለ ልጁ።

ኦቦ አብዶ አልሰሙትም። «ጴንጤ አይዋሽም። ለመኪናዬ የሞተ ዕቃ ያመጣ፣ ለልጄ ምን ያመጣል?» አሉና ሽማግሌዎቹን መለሱ። እኔ ፑንቲናዋን መልሼ ገጠምኩ፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በጣቴ ገፋ ገፋ እያደረግኩ እሳቱ የሚወጣበትን ቅጽበት በጆሮዬ አስተካከልኩ። ሞተሩ ሳይንተፋተፍ ተነሳ። ኦቦ አብዶ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

ቆይቶ፣ ሰዓዲያ ለሌላ ሰው ታጨች ሲባል ቤታቸው ሄድኩ።

«ኦቦ አብዶ፣ ሳጥኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው።

አዩኝና ፈገግ አሉ። «ለልጁ አዝነህ ነው። ደግ ሰው ነህ፤ ግን ለሰው ብለህ ስምህን አታጉድፍ።» ባስረዳ፣ ብለምን እሺ አላሉም። «በል ምሳ እንብላ» አሉ።

ሰዓዲያ እጃችንን ልታስታጥበን መጥታ ሁሉንም ሰምታለች። እሷ አመነችኝ። ውሃ ማፍሰሷን አቆመች፤ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችና፣ እጄን ሳሙናው እንዳለበት ትታኝ ወጣች።