ሳሎናችን ቢሮ የሆነ ጊዜ

ናዝሬት የነበረው ቅርንጫፍ ቢሯችን ሲዘጋ ኮምፒውተሬን አቅፌ አባቴ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ አለቆቼን የማገኛቸው በቪዲዮ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ስለምቀመጥ ፊቴ ጠቁሮ፣ ዙሪያዬ ብቻ ነጭ ሆኖ ነበር የምታየው። አለቃዬ "ዛሬም ጥላሽን ነው የላክሽልን?" ሲል ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ሆዴ ግን አይስቅም። ውሌ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ነበር፤ ከቤት መሥራት የሚሆንለትና የማይሆንለት ሰው እየተለየ መሆኑንም እናውቅ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጡ የተሳቢ ሹፌር ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፉት የሳሎኑ መስኮት ሥር ካለች አንዲት ወንበር ላይ ነው። መስኮቱ መንገዱን ያያል። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እንደየቋንቋው ሰላም ይላሉ፤ ለአንዱ "እንዴት አደራችሁ"፣ ለሌላው "አካም ጂርቱ"፣ ለባለሱቁ "ሰላም አለይኩም"። ያልሰማቸው ካለ ደግመው ይጠሩታል። "ሰላምታ የእግዜር ነው" ይሉ ነበር። ሰላምታ የነፈጋቸውን ሰው ደግሞ ዓመት ሙሉ አይረሱትም።

አንድ ቀን ሥራችንን ከሚደግፉት ለጋሾች ጋር ስብሰባ ነበረን። ስክሪኑ ላይ አሥራ ሁለት ፊት ተደርድሯል። አባቴ በካናቴራና በሽርጥ ከጓሮ ገቡ፤ በናዝሬት ሙቀት ሌላ ምን ይለበሳል? ወደ ጓዳ ሊያልፉ ሲሉ ኮምፒውተሩን አዩና ቆሙ። ቤታቸው ሰው ሞልቶበታል። ሰው ባለበት ሰላም ሳይሉ ማለፍ ደግሞ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላዬ ቆመው ከላይኛው ረድፍ ጀምረው ለእያንዳንዱ ፊት ጎንበስ እያሉ "ጤና ይስጥልኝ፣ ጤና ይስጥልኝ" አሉ። ድምፄን ዘግቼ ስለነበር አንድም ሰው አልሰማቸውም። አንዲት ፈረንጅ እጇን አወዛወዘች፤ ሌሎቹ ዝም። አባቴ አሥራ ሁለቱንም ጨርሰው መልስ ጠበቁ።

"ምነው፣ ምን አጠፋሁ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል በእጄ ይሂዱ የሚል ምልክት ሰጠኋቸው፤ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው። አባቴን! እስካሁን ያ እጄ ያሳፍረኛል።

ማታውን አለቃዬ ደወለ። ክፉ ሰው አይደለም። "ቤተሰብ እንዳለ ይገባኛል፤ ግን ለውሉ እኔ ልከራከርልሽ የምችለው ቤትሽ ቢሮ ሲመስል ነው" አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረና በማግስቱ ወደ ሥራው ገባሁ። ኮምፒውተሩን በቢራ ሳጥን ላይ ከፍ አደረግሁት። ማይክ ያለው ማዳመጫ ገዛሁ። የሚያስተጋባውን ስሚንቶ ምንጣፍ አለበስኩት፤ የሚንጫጫውን ቬንትሌተር አጥፍቼ በላብ መጠመቅን መረጥኩ። የቀረው ብርሃን ነበር። ኢንተርኔት ላይ የሚመክሩት ሁሉ ፊትሽን ለመስኮት ስጪ ይላሉ። ያለን ደህና መስኮት ደግሞ የአባቴ ነው።

"አባባ፣ ብርሃኑ ያለው እዚህ ብቻ ነው" አልኳቸው እየፈራሁ።

"እኔ ለብርሃን ምን አደርገዋለሁ ልጄ? መጽሐፍ ላነብ ነው?" አሉና ራሳቸው ወንበሯን አነሱ። "እንጀራሽን እኔ አልዘጋብሽም።"

ወንበሯን ጓዳ አስገባናት። የጓዳው መስኮት የሚያየው የጎረቤትን የብሎኬት ግንብ ነው። በመንገዱ የሚያልፉት ሰዎች እንደለመዱት ወደ መስኮቱ ዞር ሲሉ የሚያገኙት የኔን የተኮሳተረ ፊት ሆነ። አንዳንዶቹ "አሟቸው ነው እንዴ?" እያሉ በር ያንኳኩ ጀመር። እኔ ሞኝ "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እባክዎ አያንኳኩ" ብዬ ጽፌ የግቢው በር ላይ ለጠፍኩ። በሠፈራችን በር ላይ ወረቀት የሚለጠፈው ወይ ቤት ሲከራይ ወይ ሰው ሲሞት ነው። ማንበብ የማትችል ጎረቤታችን ወረቀቱን ከሩቅ አይታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች መጣች። አባቴ ከጓዳ ወጥተው "አለሁ፣ አለሁ!" እያሉ አባበሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው መምጣቱን ተወ፤ ወረቀቱንም ቀደድኩት። አባቴ ሬዲዮናቸውን ዘጉ። ሳል ሲመጣባቸው ትራስ ውስጥ ይስላሉ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተመቸኝ።

ውሉ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አለቃዬ በስብሰባ መሀል "ቤትሽ እንዴት ጸጥ ብሏል! አሁን ብቻሽን ነው እንዴ የምትኖሪው?" አለኝ።

"አዎ፣ ብቻዬን ነኝ" አልኩ።

ማንም አላስገደደኝም። ጓዳውን ከሳሎን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ወንበሯ ሲጢጥ ስትል ሰማሁ። አለቃዬ "በጣም ጥሩ፤ እንግዲህ ሐሙስ ለኃላፊዎቹ ሪፖርትሽን ታቀርቢያለሽ፣ እነሱ ይወስናሉ" አለ። ምሳ ላይ አባቴ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው እጃቸውን ታጠቡ።

በማግስቱ "እህትሽ ዘንድ አርሲ ነገሌ ትንሽ ሰንበት ብዬ ልምጣ። የናዝሬት ሙቀት አልተስማማኝም" አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአርሲ ነገሌ ብርድ አጥንት ይሰብራል እያሉ ሲያማርሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤትዎ ነው፣ የትም አይሄዱም ማለት ነበረብኝ። "መቼ?" ብዬ ጠየቅሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሆነ። "ስብሰባዬ እስኪያልቅ ይጠብቁኝ፣ መናኸሪያ ድረስ እሸኝዎታለሁ" ብያቸው ነበር። ሪፖርቴን ማቅረብ ጀምሬ ገና ግማሽ ሳልደርስ የጓዳው መጋረጃ ሲገለጥ ሰማሁ። ደነገጥኩ። ስክሪኑ ጥግ ላይ በምትታየው የራሴ ምስል ውስጥ ከኋላዬ ብቅ የሚሉበትን ቅጽበት ጠበቅሁ። ማንም ብቅ አላለም። አፌ እያወራ ዓይኔን ሰረቅ አድርጌ ወደ ወለሉ አየሁ። አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ምንጣፉ ላይ በጉልበታቸው እየዳሁ ነው። በአንድ እጃቸው ሻንጣቸውን ይጎትታሉ። ትንሽ ሄደው ያርፋሉ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው እንደገና ይሄዳሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን በእጃቸው ያዙና እንደጎበጡ ወጡ።

ማቆም እችል ነበር። "ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ" ማለት ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ነው። እኔ ግን ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ።

ኃላፊዎቹ ወደዱት። ውሌ እንደሚታደስ እዚያው ነገሩኝ። ኮምፒውተሩን እንደዘጋሁ አባቴ ጋ ደወልኩ። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ቆቃን እያለፈ ነበር፤ የሰው ጫጫታ ይሰማል። ገና ሃሎ ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

"ታየሁ እንዴ?" አሉኝ።

"አልታዩም፣ አባባ።"

"ጎሽ! ተመስገን" አሉ። ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር።